የምንኖርበትን ቤት ሳሻሽጥ

ደላላ ነኝ። ወረታ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከጎሚስታው ግድግዳ ሥር አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች፤ እዚያ ላይ ከሦስት ወንዶች ጋር እቀመጣለሁ። ሰው ከመኪና ሲወርድ ገና ከሩቅ እንለየዋለን። ቀና ብሎ ቤት ቤቱን የሚያይ ከሆነ ተከራይ ነው። ዝቅ ብሎ መሬት መሬቱን የሚያይ ከሆነ ገዥ ነው። ይህን ያስተማሩኝ እነዚያ ሦስቱ ናቸው። ካስተማሩኝ በኋላ ቆጭቷቸው ይመስለኛል፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ቀድመውኝ ይነሳሉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፈተናው ሳያሳልፈኝ ሲቀር ቤት ተቀምጬ መጠበቅ አልቻልሁም። መቀመጥ አልችልበትም። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ላይ ጉንዳን አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ለአንዲት ነርስ ክፍል ፈልጌ አገኘሁላት፤ እሷ ለጓደኛዋ ነገረች፤ ጓደኛዋ ለባልደረባዋ ነገረች፤ እንደዚያ እያለ ስልኬ መጮህ ጀመረ። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። መምህር ይመጣል፣ የባንክ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሾፌር ይመጣል። ከዚያ መንገዱ አንድ ሰሞን የሚዘጋ፣ አንድ ሰሞን የሚከፈት ሆነ። ተዛውሮ የሚመጣ ሠራተኛ ቀረ። የመጣውም ዛሬ ገብቶ ነገ የሚወጣ እንጂ ቤት ይዞ የሚቀመጥ አልነበረም። እኛም አራታችን አግዳሚዋ ላይ ተደርድረን የሚያልፈውን ባጃጅ ስንቆጥር መዋል ያዝን።

የሩዝ መፈልፈያ ቤት የገባሁት በዚህ ጊዜ ነው። ወረታ ላይ ሥራ ቢጠፋ ሩዝ አይጠፋም። ከሜዳው ሁሉ በጋሪ፣ በአህያ፣ በባጃጅ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ተጭኖ ይመጣል። የእኔ ሥራ ከማሽኑ የሚወጣውን ሩዝ ማበጠርና ስብርባሪውን መለየት ነበር። ጧት ገብቼ እስከ ቀትር እሠራለሁ፤ ከሰዓት ወደ አግዳሚዋ እመለሳለሁ። አፌን በሻሽ አስሬ ብውልም የገለፈቱ ብናኝ ቅንድቤ ላይ፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ ጡት መያዣዬ ውስጥ ሁሉ ይገባል። የአግዳሚዋ ሰዎች ሲያዩኝ ይስቃሉ።

«እመቤት፣ ዛሬስ ስንት ኩንታል ቤት አከራየሽ?»

«አንተስ?»

«እኔማ ቁጭ ብዬ ነው።»

«እሱማ ይታያል፤ ወንበሩ ጎድጉዷል።»

ትልቁ ደላላ ግን አይስቅም ነበር። ከእኛ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ኮታቸውን በበጋም የማያወልቁ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይህን ነገር ተይው» አሉኝ አንድ ቀን። «ደላላ ሌላ ሥራ ሲሠራ ከታየ ደንበኛ ይንቀዋል። ርቦታል ይላሉ።»

«ርቦኛላ፣ ጋሼ!»

እውነቴን ነው። ደላላ ሌላ ሥራ ቢይዝ ይጠቅመዋል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ አዎ ይጠቅመዋል። ቁርሱን ያልበላ ደላላ የሚያፈሰውን ጣሪያ አያፈስም ብሎ በሚካኤል ይምላል፤ እኔም ምዬ አውቃለሁ። የበላ ደላላ ግን «ይህ ቤት ላንተ አይሆንህም» ለማለት አቅም አለው። መፈልፈያ ቤት ከገባሁ በኋላ ያንን ማለት ጀመርሁ። ደስ ይላል። ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ከዚያ ሦስት ቀን ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል።

ደግሞ ወሬው አለ። አግዳሚ ላይ ተቀምጠሽ የምትሰሚው መንገድ ላይ የወጣውን ወሬ ነው። መፈልፈያ ቤት የሚሰማው ግን ገና ከቤት ያልወጣው ነው። ሩዙን ጎተራ ሳያስገባ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አስፈልፍሎ የሚሸጥ ገበሬ የሆነ ነገር አስቧል ማለት ነው፤ ወይ ልጅ ሊድር ነው፣ ወይ በሬ ሊገዛ ነው፣ ወይ ከተማ ላይ ቤት ፈልጓል። ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው ምሥጢሩን በጩኸት ነው የሚያወራው። እኔ ወንፊቴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ። በአንድ በጋ ብቻ አራት ቤት ያከራየሁት እንዲህ ነው።

የምጽፈው ግን ስለ አራቱ አይደለም። ስለ አምስተኛው ነው።

እኔና እናቴ የምንኖረው ከመፈልፈያዎቹ ጀርባ፣ ቦዩ በሚያልፍበት ዝቅተኛ ሰፈር ነው። ግቢው የአንዲት አሮጊት ነው። ፊት ለፊት እሳቸው የሚኖሩበት የጭቃ ቤት አለ፤ ከጀርባው ሁለት ክፍል አለ፤ እሱ የእኛ ነበር። የገባነው እኔ ገና በእናቴ ጀርባ እያለሁ ነው ይባላል። እናቴ እግሯ ያብጣል። ጥጥ ትፈትላለች፤ ሸማኔዎቹ እቤት ድረስ መጥተው ድሩን ይወስዱላታል። ከአልጋዋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ አልጋዋ ትሄዳለች። ሌላ መንገድ የላትም። ጎረቤቶቿ ሲያልፉ በበሩ በኩል ስማቸውን ትጠራለች፤ እነሱም ገብተው ይቀመጣሉ። እናቴን ከዚያ ክፍል አውጥቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ማለት እነዚያን ሰዎች ሁሉ መቀማት ማለት ነው። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አከራያችን ጠሩኝ። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ አንቺ ደላላ አይደለሽ?»

«ነኝ እማማ።»

«እንግዲያው ይህን ቤት ሽጭልኝ።»

ልጃቸው ጎንደር ነው ያለው፤ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ፣ ሸጠው ይምጡ ብሎ ጨቅጭቋቸዋል። ዓይናቸውም እየደከመ ነው። «አንድ ሩዝ ነጋዴ ካሁን ካሁን እያለ ይመላለሳል» አሉ። «አፍርሶ መጋዘን ሊሠራበት ነው። እሱ ይግዛው አልልም፤ የእናትሽ ነገር ያሳዝነኛል። አንቺው የሚሆነውን ሰው ፈልጊ። እናትሽን ከነክፍሏ የሚቀበል። ከፋሲካ ግን አላልፍም፤ ልጄ ከፋሲካ በኋላ ሊወስደኝ ነው።»

«ካላገኘሁስ?»

«ካላገኘሽማ ለነጋዴው ነዋ!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ እስከ ፋሲካ አራት ወር አለኝ። ለአግዳሚዎቹ ሰዎች አልነገርሁም። ቢሰሙ ነጋዴውን በማግሥቱ ይዘውት ይመጣሉ፤ እኔም ብሆን አመጣው ነበር። ተስፋዬ ያለው መፈልፈያ ቤት ነበር። ከተማ ውስጥ ያለ ገዥ ቤት ሲገዛ ተከራይ ያስወጣል፤ ገበሬ ግን ቤት የሚገዛው ለትምህርት ለሚልካቸው ልጆቹ ነው፣ ልጆቹን ደግሞ የሚያይለት ትልቅ ሰው ይፈልጋል። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና እንኳ ሁለት ልጅ ማሳደር ትችላለች። ወጥ መሥራት ትችላለች። መቆጣት ደግሞ በደንብ ትችላለች።

ጥር ላይ አንድ ሰው መጡ። ከሜዳው፣ ከቁሐር ሚካኤል ነው የመጡት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሲያወሩ ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብሉ ገበሬ ናቸው። ጋሪ ሙሉ ሩዝ ይዘዋል፣ ወረፋ ላይ ቆመዋል። ሳልፍ ከአንዱ ጆንያ እፍኝ አነሳሁና አንዱን ፍሬ በጥርሴ ነከስሁ። ይህን የተማርሁት እዚያ ነው። የደረቀ ሩዝ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ያልደረቀ ይላላል፣ ጥርስ ላይ ይለጠፋል። የእሳቸው ላላ።

«አያ፣ ይህ አልደረቀም።»

«ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ነበር እኮ!»

«ከላይ ነው የደረቀው። አሁን ማሽን ውስጥ ቢገባ ግማሹ ይሰባበራል። ይመልሱት። ሁለት ቀን ያስጡት፣ ማታ ማታ ይሸፍኑት።»

የመፈልፈያው ባለቤት ከኋላዬ ሰምቶኝ ኖሮ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። እሱን የሚጠቅመው መፈልፈሉ እንጂ መድረቁ አይደለም። ሰውየው ግን ጆንያውን አይተው ጋሪውን አዞሩት። በአራተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ሩዙ ሙሉ ሙሉውን ወጣ፣ ነጭ፣ ሳይሰበር። ከሩዙ በእጃቸው ዘግነው አሳዩኝ። «አየሽው? አየሽው ልጄ?» እያሉ እንደ ሕፃን ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ከቁሐር የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። «ያቺ የምትነክሰዋ የታለች?» ይላሉ። በሕይወቴ ሰው ለቃሌ ወረፋ ሲይዝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኒያው ሰውዬ ናቸው ቤት የፈለጉት። በማሽኑ ጩኸት መሃል በጆሮዬ እየጮኹ ነገሩኝ። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። በክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ሁሉ ባሕር ይሆናል፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት እንኳ ውሃው አልወረደም፤ ልጆቹ ከሰው በኋላ ነው የሚጀምሩት። «ታላቂቱ ሁለት ዓመት ደገመች» አሉ። «ደንቆሮ ሆና አይደለም። ውሃው ነው። ደረቅ ቤት ላስገባቸው ነው።»

ደረቅ ቤት። ቃሉን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ዝም ያልሁት።

የእኛ ሰፈር ነሐሴ ላይ ምን እንደሚመስል ልናገር። ቦዩ ይሞላና ወደ ግቢው ይገለበጣል። በፊተኛው ቤት ደጃፉን ነክቶ ያልፋል። በእኛ ክፍል ግን ይገባል፣ ይተኛል፣ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል። ሲወርድ ግድግዳው ላይ ከጉልበት ከፍ ብሎ ጥቁር መስመር ትቶ ይሄዳል። በየዓመቱ አንድ መስመር። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁመቴን የለካሁት በእነዚያ መስመሮች ነው።

ለሰውየው እናቴን ነገርኋቸው፣ ክፍሏን ነገርኋቸው፣ ልጆቹን እንደምታይላቸው ነገርኋቸው። ደስ አላቸው። «እሰይ! ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነበር የፈራሁ» አሉ። ቤቱን ለማየት ለሳምንት ተቀጣጠርን።

በዚያ ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት አግዳሚዋን ትቼ ግድግዳ ስመርግ ሰነበትሁ። ጭድ የሚገዛ ስለሆነ የሩዙን ገለፈት ከመፈልፈያው በነፃ በጆንያ አምጥቼ ከጭቃ ጋር አቦካሁት። መስመሮቹን ሁሉ ደፈንኋቸው፤ የፊተኛውንም፣ የኛንም። ሲደርቅ በላዩ ኖራ ቀባሁት። ሁለተኛው ሥራዬ የመጀመሪያውን ሥራዬን እንዲህም አድርጎ ጠቅሞታል። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና እንዝርቷን እያሾረች ታየኛለች።

«ምነው ቤቱን እንዲህ አሳመርሽው?»

«ገዥ ይመጣል።»

«እንደሱ ካማረማ እኔም እገዛዋለሁ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እናቴ ውሃውን ለምን እንደደበቅሁት አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኋትም። የምትዋሽ ሴት አይደለችም፤ ብነግራት ትከለክለኛለች። ደግሞ ማን ይጠይቃታል ብዬ ነው።

ሰውየው በቀጠሮው መጡ። ግቢውን ዞሩ፣ ካርታውን አዩ፣ ቆርቆሮውን በዱላ መታ መታ አደረጉት። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ በጥፍራቸው ጫር አደረጉ። ኖራው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ይህ ሰፈር ዝቅ ይላል። ውሃ አይገባውም?»

«ቦዩ ይሞላል እንጂ…» አልሁ።

ዞረው አዩኝ። ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው። «ልጄ፣ እኔ አንቺን እንደ ደላላ አይደለም የምጠይቅሽ። እንደ ሩዙ ነው። ነክሰሽ ንገሪኝ።»

እናቴ በተከፈተው በር በኩል ትታየኝ ነበር። እግሯን በጋቢ ሸፍና ተቀምጣለች።

«አይገባውም» አልሁ።

ይህች አንድ ቃል ናት። ከዚያ በፊት ከሺህ በላይ ዋሽቻለሁ፤ ጎረቤቱ ፀጥተኛ ነው ብያለሁ፣ ቧንቧው በየቀኑ ይመጣል ብያለሁ። አንዱም ትዝ አይለኝም። ይህችን ግን የት ቆሜ እንዳልኋት፣ ፀሐዩ በየት በኩል እንደነበር ጭምር አውቃለሁ።

«እንግዲያው ጨርሰናል» አሉ። «ቅዳሜ ሚስቴ ለገበያ ስትመጣ ትየው። ከዚያ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ ቀብድ አስይዛለሁ።»

ቅዳሜ እስኪደርስ አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ደህና አድርጌ ተኛሁ። ለእናቴም ነገርኋት፣ ለአከራያችንም ነገርኋቸው። አሮጊቷ አለቀሱ። «ማርያም ናት የላከችልሽ» አሉ።

ሚስትየዋ ቀጠን ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ከገበያ የገዙትን ጨውና በርበሬ በጀርባቸው አዝለው ገቡ። ባላቸው ከፊት እየቀደሙ ያሳያሉ፤ «እዚህ ልጆቹ ይተኛሉ፣ እዚህ ደብተራቸውን ያደርጋሉ» እያሉ። ሴትየዋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፊተኛውን ቤት ወደዱት። ግድግዳውን እንኳ አልነኩትም። እኔ በልቤ አለቀ ብያለሁ።

«ልጆቹን የሚያዩልንን እናትሽን ሰላም ልበላቸው» አሉኝ።

ይዣቸው ገባሁ። እናቴ ልትነሳ ስትል «ኧረ ይቀመጡ፣ በእግዜር!» ብለው ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። ተሳሳሙ፣ ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ ሴትየዋ እግራቸው መሬት እንዳልነካ ያስተዋሉ መሰለኝ። ወደ ታች አዩ። አልጋው አራቱም እግሩ በሁለት በሁለት ብሎኬት ላይ ነው። ወደ ላይ አዩ። የእናቴ ጫማ ከሰው ቁመት በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የዱቄቱ ጆንያ ቆጥ ላይ ነው። የጥጡ ቅርጫት ከወራጁ በገመድ ታስሯል። የእኔ ሰርተፍኬቶች ያሉበት ሳጥን ከጣሪያው ሥር ነው።

ግድግዳውን መርጌዋለሁ። ኖራ ቀብቼዋለሁ። ይህን ግን አላየሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ ጫማዬን ከጣሪያ ሥር ሳወርድ ኖሬ ጫማ የሚቀመጠው እዚያ ነው ብዬ ነው የማስበው። አልጋ ሁሉ ብሎኬት ላይ የሚቆም ነው የሚመስለኝ።

«እናቴ» አሉ ሴትየዋ በዝግታ፣ «ውሃው ሲገባ ብሎኬቱ ይበቃዎታል?»

እናቴ ፊቷ ፈካ። አንዲት ሴት ለሌላይቱ ስለ ቤቷ ልታጫውት ነው። «አንዱ አይበቃም ነበር እኮ» አለች። «ሁለት ካደረግነው ወዲህ ግን ፍራሹን አይነካውም። አምና ብቻ ነው ጫፉን ያረጠበው። እኔማ እዚሁ ላይ ቁጭ ብዬ እፈትላለሁ፤ ልጄ ገንፎውን ከፊተኛው ቤት ታመጣልኛለች። ለልጆቹም ሁለት ሁለት ማድረግ ነው፣ አይስጉ።»

«የእኔም አልጋ ሁለት ብሎኬት ላይ ነው» አሉ ሴትየዋ።

ባልየው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል። ሚስታቸው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እናቴን ጉልበቷ ላይ ሳሟት። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው፣ ሳይጮኹ፣ «ከውሃ ሸሽተን ውሃ ልንገዛ ነው እንዴ?» አሉ።

ሰውየው አልተቆጡም። ግቢውን ወጥተው አጥሩ ጋ ሲደርሱ ተከትያቸው ሄድሁ። ይቅርታ ልል ነው፤ ወይም ክረምት ብቻ ነው፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ ቦዩ ይጠረጋል ልል ነው። ደላላ አፍ ውስጥ ያለው ሁሉ ነበር አፌ ውስጥ።

«ሩዜን የመለስሽብኝ ዕለት» አሉ፣ «ለሚስቴ፣ ይህች ልጅ የእኛ በሆነች ብያት ነበር።»

ይህን ብለው ሄዱ።

ስመለስ እናቴ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«አንድ ነገርማ አጥፍቻለሁ። ፊትሽ…»

«ምንም አላጠፋሽም አልሁሽ!» ጮኽሁባት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ሰውየው ለማንም አልነገሩብኝም። ቢናገሩብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እሟገታለሁ። የቀረውን ሩዛቸውን ይዘው መጡ፣ ደህና ነሽ ወይ አሉኝ፣ ከዚያ ጆንያቸውን ከእኔ ጎን ለምትሠራው ልጅ ከፈቱላት። እሷ ነክሳ አታውቅም። ራሳቸው እንዴት እንደሚነከስ አሳዩአት። ቀስ በቀስ የቁሐር ሰዎች ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ለምን እንደዞሩ የሚያውቁ አይመስለኝም፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይከተላል። እኔም ወንፊቴን ነቀነቅሁ። ስለ ቤት በጆሮዬ የሚጮህ ሰው ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ትልቁ ደላላ የተናገሩት ልክ አልነበረም። ሌላ ሥራ መያዜ አላስናቀኝም። ሌላው ሥራ ድለላ በአሥር ዓመት የማይሰጠውን ነገር ሰጥቶኛል፤ ሰው አምኖኛል። እኔ ነኝ ያንን እምነት ወስጄ አንዱን እርጥብ ክፍል ለማቆየት ያዋልሁት። ክፍሉንም አላቆየሁትም።

ሌላ ገዥ ፈለግሁ። ከአዲስ ዘመን መንገድ የመጣ አንድ መምህር አየውና ተከራይ ያለበት አልፈልግም አለ። አንዲት ሴት ካርታውን ወዳ ሰፈሩን ጠላች። ጾሙ እየገፋ ሄደ። አሮጊቷ ቀን በቀን ዕቃቸውን በካርቶን ማሰር ጀመሩ፤ እኔን ሲያዩ ደግሞ ማሰሩን ያቆማሉ። ሆሣዕና ሲቃረብ ነጋዴው ጋ ራሴ ሄድሁ። እኔ ካልሸጥሁለት ሌላ ደላላ ሸጦለት ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ ያኔ እናቴም ትወጣለች፣ ለማጓጓዣዋም የሚሆን አይኖረኝም።

ነጋዴው ቤቱ ውስጥ አልገባም። ግቢው መሃል ቆሞ በእርምጃ ለካ።

«ነሐሴ ላይ ውሃ ይገባዋል» አልሁት። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲሁ ነው ያልሁት።

«ይግባው» አለ። «እኔ ቤቱን መች ገዛሁ? በገልባጭ አፈር እሞላዋለሁ። የሚፈርሰው ቤት መቼ ነው የሚለቀቀው?»

ባንድ ቀን አለቀ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቀብድ ተያዘ፣ ማዘጋጃ ተሄደ። ከሠራኋቸው ሽያጮች ሁሉ ትልቁ ነው። ወሬው አግዳሚዋ ጋ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

«እሰይ እሰይ! እመቤት ግቢ ሸጠች! ዛሬ ካልጋበዝሽን አትቀመጪም!»

«የትኛውን ግቢ ነው?» አለ ሁለተኛው።

ነገርኋቸው። የመጀመሪያው ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ትልቁ ደላላ ተነሱና የተቀመጡበትን ቦታ ለቀቁልኝ፤ አግዳሚዋ ላይ ጥላ ያለው ያ ብቻ ነው። ሻይ አዘዙልኝ። አልጠጣሁትም። አንድ ሙሉ አውቶቡስ ሰው አራግፎ ሄደ፤ አንዳችንም አልተነሳንም።

ከዚያ ለእናቴ ክፍል ፍለጋ ወጣሁ። ወረታ ውስጥ ባዶ የሆነውን ክፍል ሁሉ አውቃለሁ፤ የስንቱን ቁልፍ ይዤ ዞሬያለሁ። ግን አከራዮቹ የሚያወሩት ለደላላዋ አልነበረም፣ ለተከራይዋ ነበር። «እናትሽ ታማሚ ናቸው አሉ፤ ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው» አለች አንዷ። «ሁለት ሴት ብቻ ናችሁ? ወንድ የለም?» አለ ሌላው። «ሸማኔ ይመላለሳል አሉ፤ እኔ ግቢዬ ውስጥ ሸማኔ አላስገባም» አለች ሦስተኛዋ። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ለሌሎች ሰዎች አለስልሼ፣ «ክፍሉ ተይዟል» ብዬ ነበር የማደርሰው። ለእኔ የሚያለሰልስልኝ አልነበረም።

እናቴን አንበሳሜ ከተማ፣ እህቷ ጋ ሰደድኋት። የዳግማዊ ትንሣኤ ማግሥት ነው። ጎረቤቶቹ ደግፈው ሚኒባሱ ድረስ አመጧት። የመፍተያ ዕቃዬን ብቻ ነው ይዤ የምሄደው አለች። አክስቴ ቤት ልጅ የበዛበት ነው፤ ማድ ቤቱ ጥግ መደብ ላይ ነው ቦታ ያደረጉላት። እዚያ በበሩ በኩል የሚያልፍ የምታውቀው ሰው የለም። ድሩን የሚወስድላት ሸማኔም አላገኘችም።

እኔ መፈልፈያው ቤት ከምትሠራው ልጅ ጋር ክፍል ተጋርቻለሁ፤ ከዚያችው፣ አሁን ሩዝ ከምትነክሰው። ጥሩ ልጅ ናት። ጧት መፈልፈያው፣ ከሰዓት አግዳሚዋ። ግቢያችን አፈር ተሞልቷል፤ በዚያ በኩል አላልፍም።

ለእናቴ በሁለት ቀን አንዴ እደውላለሁ። መጀመሪያ የምትለው «ቤት አገኘሽ?» ነበር።

«እያየሁ ነው» እላታለሁ። «አንድ ደህና ክፍል አለ፣ ሰውየው እስኪለቅ እየጠበቅሁ ነው» እላታለሁ። ለተከራዮች ሁሉ የምለው ነው፤ ከአፌ እንዲሁ ይወጣል። እሷም «እሺ ልጄ፣ ደረቅ ይሁን ብቻ» ትላለች።

ባለፈው ስደውል የአክስቴን ልጆች ነገረችኝ፣ የእግሯን ነገር ነገረችኝ፣ ዝናብ ጀምሯል አለችኝ። ካርዴ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ስለ ቤቱ አልጠየቀችኝም።